የኦቦ ዋቅወያ መኪናና አየር የምትለካው ሽቦ

በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. በጥር ወር፣ አቧራው የነቀምቴን ዛፍና ቆርቆሮ ሁሉ ቀይ ባለበሰበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባልደረባዬ ከወይዘሪት ጸሐይወርቅ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ በጨለለቂ ዳገት ላይ ግርግር አየን። ሰው ተሰብስቦ መኪና ይገፋል። መኪናዋ የጎረቤቴ የኦቦ ዋቅወያ መሆኗን ስለይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልደነቀኝም። በዚያ ወር ዳገት ባየች ቁጥር መቆምን ልማድ አድርጋው ነበር።

ኦቦ ዋቅወያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚሲዮን ላንድሮቨር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ያቺን መኪና የገዙት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነው። ቱርቦ አላት፤ ቱርቦ ማለት በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። እንደገዟት ሰሞን ዳገቱን እንደ ሜዳ ስትበላው ያየ የከተማው ሰው ሁሉ ቀንቶባቸው ነበር። አሁን ግን ያው ሰው ይገፋላቸዋል።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ዋቅወያ? ምን ሆነች?» አልኳቸው።

«ናጋ ነው መምህር፣ ዋቅ ይመስገን» አሉ፤ ፊታቸው ግን ሰላም አልነበረም። «ዛሬ ወደ አርጆ መሄድ ነበረብኝ። ልጄን ድርቤን ላመጣ ነው። ይኸው ከሰፈሬ ሳልወጣ ጉድ አደረገችኝ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ኀዘን ነው። ድርቤ ካቻምና ክረምት በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሲጠናባት ከአርጆ የሚያወጣት መኪና ጠፍቶ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት ሕፃኗ ሞታባታለች። አሁን ደግሞ እንደገና አርግዛ ወሯ ገብቷል። አዋላጇ «ዘንድሮ ሳትያዝ ቀደም ብላ ነቀምቴ ትግባ» ብላ አስጠንቅቃለች። ኦቦ ዋቅወያም መኪናዋን የገዙት ለዚህ ቀን ሲሉ ነበር። በማግሥቱ እሑድ ደግሞ የእርሳቸው ታርጋ እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለበት ተራ ነው፤ ቤንዚኑም በኩፖን የሚታደል ስለሆነ እንደ ልብ እየሞከሩ የሚያቃጥሉት አይደለም።

መኪናዋን እየገፋን ግቢያቸው አስገባናት። ባለቤታቸው አዴ ወርቂቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለመንገድ ተሰናድተው በር ላይ ቆመው ነበር። ስንገባ ሲያዩ ግንቡ ላይ ተቀመጡ።

«ግድ የለም» አሉ ኦቦ ዋቅወያ ወደ እርሳቸው ሳያዩ። «መካኒኩን ጆቴን ልኬበታለሁ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ቱርቦውን ቆርጦ ይጥልልኛል፤ ያንን የኤሌክትሪክ ጣጣዋንም ነቅሎ ከአሮጌ መኪና ያወጣውን ካርቡራቶር ይገጥምላታል። ያኔ ሰው ትሆናለች።»

ወይዘሪት ጸሐይወርቅ በትምህርት ቤታችን የሙያ ክፍል የአውቶ መካኒክ መምህርት ናት። ይህን ስትሰማ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኦቦ ዋቅወያ፣ ከመቁረጡ በፊት አንድ ጊዜ ልያት?»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። በዚያ ዘመን የሴት ልጅ እጅ ሞተር ውስጥ መግባቱ በከተማችን እንግዳ ነገር ነበር።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ ሳትወለጂ እኔ የደዴሳን በረሃ በላንድሮቨር ወርጄ ወጥቻለሁ። ሞተር ከመጽሐፍ አይማሩትም። እጅ ነው የሚማረው።»

«እውነት ብለዋል። እኔም እጄን ነው የማስገባው» አለች እየሳቀች።

ሽማግሌውም ሳይወዱ ፈገግ አሉና ኮፈኑን ከፈቱላት። የአየር ማጣሪያዋን፣ የፊልትሮውን፣ ክዳን ስታነሣ የወረቀቱ ፊልትሮ ጥቁር ሆኖ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ አቧራው እንደ ጭቃ ተለጥፎበት አገኘነው።

«ይህን ዘይት ማን አፈሰሰበት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ በኩራት። «በየሳምንቱ ዘይት አጠጣዋለሁ። አቧራ የሚያዘው በዘይት ነው። ላንድሮቨራችን ከፊልትሮዋ ሥር የዘይት ሳሕን ነበራት፤ በዚያ ዘይት ስንት ዓመት ሞተር ሳይወርድ ኖረናል። እነዚህ ፈረንጆች ለዚህችኛዋ ደረቅ ወረቀት ብቻ አድርገውላት፣ ለወለጋ አቧራ ወረቀት ምን ያደርጋል? እኔ ነኝ ያሻሻልኩላት።»

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ በሽማግሌው አትፍረድ። በቸልተኝነት የተበላሸ ዕቃ በየቤቱ ሞልቷል፤ ይህች መኪና ግን የታመመችው በጣም በመወደዷ ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ መሆኑን ባለማወቅ ስንት እናት ናት ልጇን በፍቅር የጎዳችው!

ወይዘሪት ጸሐይወርቅ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ኦቦ ዋቅወያ፣ ልጅ ድረው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ድርቤን ድሬያለሁ። ግማሽ ነቀምቴ በልቶ ጠጥቷል።»

«በር ላይ ሰው አላቆሙም? የገባውን እንግዳ ቆጥሮ ለወጥ ቤት የሚናገር?»

«እንዴታ! አለዚያማ ምግቡ አንዱ ጋ ተርፎ አንዱ ጋ ይጎድላል።»

«እንግዲያው ይህችም እንደዚያው ናት።» ከፊልትሮው ቀጥሎ ወዳለው የቱቦ ቁራጭ ጠቆመቻቸው። «እዚህ ውስጥ የምትግል እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች። የአየር መለኪያ ናት። ምን ያህል አየር እንደገባ ቆጥራ ለኤሌክትሪኩ ሣጥን ትናገራለች፤ ሣጥኑም ያንን ያህል ቤንዚን ይለካል። የላንድሮቨርዎ ቤንዚን አዳይ፣ ካርቡራቶሩ፣ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ስላልነበረው የዘይቱ ሳሕን የሚጎዳው ነገር አልነበረም። እዚህ ግን ፊልትሮው ላይ ያፈሰሱት ዘይት በአየሩ እየተሳበ ሽቦዋ ላይ ተለጠፈ፤ አቧራውም በላዩ ተጋገረ። የቆጣሪዋን ዓይን ሸፈኑት። ብዙ እንግዳ ሲገባ ጥቂት ነው ትላለች። ሜዳ ላይ ሞተሩ እንደምንም ያዘግማል፤ ዳገት ላይ ግን ቱርቦው ያን ሁሉ አየር ሲያስገባ ቤንዚኑ አይበቃም። ሞተሩ በረሃብ ይቆማል።»

«ሽቦ ቆጥራ ትዋሻለች ነው የምትይኝ?»

«በደንብ አድርጋ!»

በሐሰት ሪፖርት አገር ስለሚጎዳበት ነገር ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ወሬ ከግቢ አጥር ውስጥም ቢሆን አይወራም። አጥሩን አይቼ ዝም አልኩ።

ኦቦ ዋቅወያ ግን አልተረቱም። «ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ጆቴ ደግሞ ቱርቦው ነው የሞተው ብሏል። በምን አውቃለሁ ማን እውነት እንደሚል? ተረት ስሰማ ጸሐይ ሊጠልቅብኝ ነው።»

«አይመኑኝ። ራስዎ ይዩት። እስኪ ያስነሷት።»

አስነሷት። መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች፤ ጥቂት ቆይታ ጠፋች። ወይዘሪት ጸሐይወርቅ የመለኪያውን ሶኬት እንዲነቅሉ ለሽማግሌው አሳየቻቸውና በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

«አሁን ቆጣሪዋን ከበር አነሣናት። ሣጥኑ የሚሰማው ሲያጣ በግምት ይለካል፤ ፈረንጆቹ ለክፉ ቀን ያስቀመጡለት ግምት አለው። ጥፋቱ የቱርቦው ከሆነ አሁንም ትንቀጠቀጣለች። የቆጣሪዋ ከሆነ ግን ትረጋለች። እንደገና ያስነሷት።»

ሽማግሌው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሣ። ተንቀጠቀጠ ስንል ረጋ፤ ይጠፋል ስንል ቆየ። አዴ ወርቂቱ ከግንቡ ላይ ብድግ አሉ።

«ያ ዋቅ!» አሉ ኦቦ ዋቅወያ ቀስ ብለው። «ከሚዋሽ ቆጣሪ የሚገምት ይሻላል ማለት ነው።»

«ይሻላል። ግን በግምት አርጆ ደርሶ መመለስ አይቻልም፤ ግምቱ ቱርቦውንም ቤንዚኑንም እንዳሻው ያደርጋቸዋል። ሽቦዋን እናጥባት።»

«በምን? አረቄ አለኝ፤ ንጹሕ ነው።»

«አረቄውን ለእንግዳ ይተዉት። ሲደርቅ ቅሪት ይተዋል። ከመድኃኒት ቤት ንጹሕ አልኮልና መርፌ ያስፈልገናል።»

እኔ ሮጥኩ። ስመለስ መለኪያውን ፈትታ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ፣ ሽማግሌው በጣታቸው ሊጠርጉት ሲሉ እጃቸውን ይዛ ትለምናለች፦ «ሽቦዋ በጣት አትነካም፣ በጨርቅም አትፈተግም፤ ትበጠሳለች።» አልኮሉን በመርፌው እያንጠባጠበች ስታጥባት ቡና የመሰለ ጠብታ ወረደ። ኦቦ ዋቅወያ መነጽራቸውን አድርገው ያንን ጠብታ ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። ያ የገዛ ዘይታቸው ነበር።

እስክትደርቅ ድረስ በመለኪያውና በቱርቦው መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ዳሰሰች። ጫፉ ላይ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ተጠምጥሟል።

«ይህስ?»

«ተሰንጥቆ ነበር። አሰርኩት» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«በበሩ ሳይሆን በአጥሩ ቀዳዳ የሚገባ እንግዳ ማለት ይህ ነው። ቆጣሪዋ አታየውም፤ ወጥ ቤቱ ግን ሊያበላው ይገደዳል።» ቱቦው ትርፍ ርዝመት ስለነበረው የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጣ ቀሪውን በማሠሪያው ቀለበት አጥብቃ ገጠመችው። «አሁን አዲስ ፊልትሮ ባገኝ ኖሮ...»

ኦቦ ዋቅወያ ፊታቸውን አዞሩ። አዴ ወርቂቱ ግን አልታገሡም። «አለው! ሐኪሙ የተወለት አዲስ ፊልትሮ ከነካርቶኑ ሣጥን ውስጥ ነው። እኔ ልብስ ማስቀመጫ አጣሁ እያልኩ እሱ ወረቀት ያኖራል።»

«ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጥኩት» አሉ ሽማግሌው። «አሮጌውን በዘይት እያስታመምኩ አዲሱን ላቆይ ብዬ ነው። ቁጠባ አይደለም እንዴ?»

«ኦቦ ዋቅወያ» አለች ወይዘሪት ጸሐይወርቅ በትሕትና፣ «ፊልትሮውን ቆጥበው ሞተሩን ሊያጡ ነበር። ቁጠባ ማለት ርካሹን ዕቃ በጊዜው ለውጦ ውዱን ማዳን ነው።»

«ደግሞስ» አሉ አዴ ወርቂቱ፣ «ከዛሬ የከፋ ቀን ምን አለና ነው የምታስቀምጠው? ልጄ እዚያ አንተን እየጠበቀች!»

ሽማግሌው ወደ ቤት ገብተው ካርቶኑን ይዘው ወጡና በገዛ እጃቸው ቀደዱት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ለሙከራ ያንኑ የጨለለቂ ዳገት ልንወጣ ተሳፈርን። ከዳገቱ ሥር ስንደርስ ኦቦ ዋቅወያ ቤንዚኑን ረገጡ። ቱርቦው ሲነፋ ተሰማ፤ መኪናዋም ወደ ላይ ተፈተለከች። ጠዋት የገፋት ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ ያጨበጭባል። አናቱ ላይ ስንደርስ ሽማግሌው መኪናዋን አቁመው ግንባራቸውን መሪው ላይ አስደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ቀና ብለው ይስቁ ጀመር። እኛም ሳቅን፤ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ሁላችንም ዓይናችን እንባ አቀረረ።

«ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ኢንታላኮ። ተረትቻለሁ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ እንዳትታመም ምን ላድርግ? ንገሪኝ፤ የሽማግሌ ጆሮ ቢደነቁርም ዛሬ ተከፍቷል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አባባ። በአቧራ ወራት ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ አውጥተው ይዩት፤ በቀስታ ያራግፉት እንጂ ዘይት ጠብ እንዳያደርጉበት። ጠቁሮ ካልጠራ ይለወጥ። ሞተሩ ሲበርድ ቱቦዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ስንጥቅ ካለ ማሰር ሳይሆን መለወጥ ነው። ቆማ ሳለች ከተንቀጠቀጠች፣ ጭሷ ከጠቆረ፣ ወይም ባኮ ደርሰው ሲመለሱ ቤንዚኗ ከወትሮው ቀደም ብሎ ካለቀ፣ ዳገት ላይ እስክትቆም አይጠብቁ፤ ያን ቀን ኮፈኑን ይክፈቱ።»

«ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ። ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል፣ ኩፖንዎ ወሩን ያደርስልዎታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቸገረዎት ሰዓት ትነሣልዎታለች።»

ባልና ሚስቱ ወዲያው ወደ አርጆ ተነሡ። ጆቴ መጋዙን ይዞ ሲመጣ ግቢው ውስጥ መኪና አልነበረም። እኔ ጠቅላላ ነገሩን አስረዳሁት፤ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ኋላ ግን የሽቦዋን ነገር ደጋግሞ አስነገረኝ። ሊመሻሽ ሲል መኪናዋ ጥሩምባዋን እየነፋች ገባች። ድርቤ እናቷን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ በእግሯ ወረደች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ እልል ያላለ ሴት አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ምጧ መጣ። ሆስፒታሉ ቅርብ ነበር፤ ሐኪሞቹም በጊዜው ደረሱላት። ምጡ እንደ ፊተኛው የጠና ነበርና ሐኪሙ ሲወጣ «አርጆ ሆና ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እናጣቸው ነበር» አለን። ከዚያ ነርሷ ሕፃኑን ጠቅልላ አመጣች፤ ወንድ ልጅ ነው፤ ኮሪደሩን በለቅሶ ይሞላዋል።

ኦቦ ዋቅወያ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ወይዘሪት ጸሐይወርቅ መጡ።

«ኢንታላኮ» አሏት፣ «የመጀመሪያዪቱን ስናጣ መንገዱን ረገምኩ፣ ዝናቡን ረገምኩ። ይህንንስ ብናጣው ማንን እረግም ነበር? በገዛ እጄ፣ በፍቅር፣ በየሳምንቱ ዘይት እያፈሰስኩ ልገድለው ነበር እኮ። አንድም ሰው ጥፋቱ የኔ መሆኑን አይነግረኝም ነበር፤ እኔም ሳላውቅ እሞት ነበር።»

ሽማግሌው ይህን ብለው ሕፃኑን እጇ ላይ አኖሩላት።