በመካከል የሚቀመጥ ገንዘብ

የቦርሳ ማንገቻ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ሰው በቸኮለበት ቀን ነው። የእኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስገሰግስ ተበጠሰና የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አስፋልቱ ላይ በተነብኝ። ለቃቅሜ ቀና ስል ፊት ለፊቴ አንድ የቆዳ ስፌት ቤት አየሁ። ምክር መስጠት የማይታክተኝ ሰው ነኝና፣ ለጥገና ገብቼ ለሽምግልና መቀመጤ የሚያውቁኝን አያስገርማቸውም።

ቤቷ ጠባብ ናት። ግድግዳውን ተደግፎ የተጠቀለለ ቆዳ ቆሟል፤ ከመስኮቱ ሥር ከባድ የስፌት መኪና አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ወስፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና የናስ ዘለበት ተበታትኗል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ የመንገድ ሻንጣ ተቀምጧል። የስፌቱን ጥራት ሳይ የራሴን ቦርሳ ወደ ጀርባዬ ደበቅ አደረግሁ።

ከሻንጣው ወዲያና ወዲህ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ሽማግሌው በዝና የማውቃቸው የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ አደራ» ይላቸዋል። የማይተዋወቁ ሻጭና ገዢ እቃው ታይቶ እስኪጣራ ድረስ ገንዘቡን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ስለነበር የወጣላቸው ስም ነው። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት። ስፌቱን ከእሳቸው፣ ንግዱን ከማታ ትምህርት ተምራ፣ ቤቱን አሁን ብቻዋን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። እሳቸው «ዓይኔ ደከመ» ብለው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ የደከመው ልባቸው ነው የሚሉም አሉ።

«እንኳን መጡ መምህር» አሉኝ በእጄ የያዝኩትን የታረመ ወረቀት አይተው። «ቁጭ ይበሉና ይፍረዱን። ይህቺ ልጅ ሻንጣውን በነፃ ልትሰጥብኝ ነው።»

«በነፃ አይደለም አጎቴ፤ ተከፍሎበታል» አለች ልጅቷ።

«የታለ ክፍያው?»

«ገበያው ጋ።»

«ይስሙልኝ። ገንዘቡ ገበያው ጋ፣ ሻንጣው መንገድ ላይ፣ እኛ ባዶ እጃችንን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የሻንጣውን ፎቶ ኦንላይን ገበያ ላይ አውጥታው ነበር። በሩቅ ከተማ የምትኖር አንዲት አዋላጅ ለመሣሪያዋ መያዣ እንዲሆናት ወደደችውና ከፈለች። ገንዘቡን ግን ገበያው ይዞታል፤ ለሻጯ የሚለቀው አዋላጇ እቃው በተባለው መሠረት ደርሶኛል ስትል ነው። በዚያው ጠዋት ሌላ ሰው የቤቱን ስልክ አፈላልጎ ደወለ። «ገበያው ኮሚሽን ይቆርጥባችኋል፤ እኔ ጨምሬ በቀጥታ እከፍላለሁ» ብሎ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ላከ፤ እቃውን የሚወስድ ሾፌርም አሁን ይመጣል። ሻንጣው አንድ ነው፤ ገዢው ሁለት።

ጋሽ አደራ ልባቸው ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። ከዚህም የከፋ ነገር ተናግረዋል፦ ይህ ሻንጣ ገንዘብ ካላመጣ የስፌት መኪናውን ለድንኳን ነጋዴው እሸጣለሁ ብለዋል። መኪናው ወጣ ማለት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጅቷም የሰው ቅጥር ሆነች ማለት ነው። ፊቷን ሳይ አንጀቴን በላችው።

«ጋሽ አደራ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ልጅቷን አምነው ቤቱን ከሰጧት፣ በዚህስ ለምን አያምኗትም?»

«እሷን አምናለሁ፤ የማላምነው የማላየውን ነው። ድሮ ለአንድ የሩቅ ነጋዴ እቃ በዱቤ ልኬ፣ እሱም እቃውም ውሃ በላቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም።»

«አጎቴ፣ ያኔ እኮ ገንዘቡ ነጋዴው ኪስ ውስጥ ነበር» አለች ልጅቷ። «ሊከፍልም ላይከፍልም ይችላል። ይህቺ ሴትዮ ግን ከኪሷ አውጥታዋለች። እንዳሻት መልሳ ልትወስደው አትችልም፤ እኛም እቃውን ሳናደርስ ልንነካው አንችልም።»

«እሺ፣ እቃው ደርሷት አልደረሰኝም ብትልስ?»

«የሚያደርሰው ሰው ሲያስረክባት አስፈርሟት ይመዘግባል።»

«ተበላሽቶ ደረሰኝ ብትልስ?»

«ከመታሸጉ በፊት በየጎኑ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ገበያው የሁለታችንንም ሰምቶ ይፈርዳል።»

«የሚፈርደው ማነው? እኔ ስፈርድ ፊቴን ያውቁት ነበር። ባጠፋ ለሚስቴ ይነግሩብኝ ነበር። ይህን ገበያ የምናውቀው በምኑ ነው? ኮሌታውን ማን ይይዘዋል?»

ሳልወድ ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን የሚናቅ አልነበረም። ገበያ ነኝ ያለው ሁሉ ገበያ አይደለም። ልጅቷም አልናቀችውም።

«እሱን እኔም ጠይቄዋለሁ» አለች። «ደንቡን አነበብኩ። የሚሸጡበትን ሁለት ጓደኞቼን ጠየቅሁ። ከዚያ መጀመሪያ የላክሁት ትንሽ የገንዘብ ቦርሳ ነው፤ ቢጠፋም የማያስለቅሰኝ። ክፍያው ሲገባ ነው ሻንጣውን ያወጣሁት።»

«እንዲህ ያለ ነገር መች ነገርሽኝ?»

«ስለ ስልክ ሳወራ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ እኮ አጎቴ።»

በዚህ መሃል ሾፌሩ ደረሰ። ሻንጣ ውሰድ ተብዬ ነው ብሎ እጁን ሊሰድ ሲል ልጅቷ መያዣው ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ድምጿን ግን አላነሳችም።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገንዘብ በሚያስቀምጡበት ዘመን አንድ ገዢ መጥቶ 'ከፍያለሁ፣ ይኸው ወረቀቱ' ቢልዎ፣ ሻጩን እቃውን ስጠው ይሉት ነበር?»

«እኔ?» አሉ ጋሽ አደራ ተቆጥተው። «በእጄ ሳይገባ? ወረቀትማ ማንም ይጽፋል። እኔ ያልጨበጥኩትን ገንዘብ አደራ ብዬ...»

እዚያ ላይ አቆሙ። ሻንጣውን አዩ፤ ሾፌሩን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «የባንክ ሂሳባችንን እስቲ እዪልኝ» አሏት።

አየች። ምንም አልገባም።

ጋሽ አደራ ስልኩን ተቀብለው ለሁለተኛው ገዢ ደወሉ። «ልጄ፣ ገንዘቡ ሲገባ ሻንጣውን እኔው ተሸክሜ አመጣልሃለሁ» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ኔትወርኩን አማረረ፤ ቀጥሎ አላመናችሁኝም ብሎ ተቀየመ፤ በመጨረሻ ዘጋው። መልሰው ቢደውሉ ስልኩ ጠፍቷል። ሾፌሩ አንገቱን እያከከ፣ «ለእኔም የመንገዱን እቃው ሲደርስ እከፍልሃለሁ ብሎኛል» አለ።

«እንግዲያው አንድ ላይ ተሞኝተናል» አሉት ሽማግሌው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የእኔ ገና ሊፈስ ሲል ተያዘ።»

ሻንጣው ያን ዕለት ወደ አዋላጇ ተላከ። እኔም ማንገቻዬን አስጠግኜ ወጣሁ፤ ሐሳቤ ግን እዚያው ቀረ፤ ልጅቷ ብትከስር የእኔም ምክር አብሮ ይከስራልና። ስለዚህ ምክንያት እየፈጠርኩ ተመላለስኩ። ቀበቶዬን ሳይቀር አሰፋሁ።

አንድ ቀን ስገባ ሁለቱም ስልኩ ላይ ተደፍተዋል። አዋላጇ ሻንጣው ደርሷት፣ አንዱ ዘለበት አልዘጋ አለኝ ብላ አቤት ብላለች። ጋሽ አደራ «አላልኩም ነበር?» ብለው ይነሳሉ ስል በጥሞና ያነባሉ። ገበያው ገንዘቡን ለማንም አልለቀቀም፤ ሁለቱም ያላቸውን እንዲያሳዩ ጠይቋል። ልጅቷ ከመታሸጉ በፊት ያነሳችውን ፎቶ አቀረበች። ከዚያም ዘለበቱ መንገድ ላይ ተመትቶ ሊሆን እንደሚችል ጽፋ፣ ሌላ ዘለበት በራሷ ወጪ ልልክ አለች።

«ለምን በራስሽ?» አልኳት።

የመለሱልኝ አጎቷ ናቸው። «መምህር፣ እኔም ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር። ሴትዮዋ ገንዘቧ ታስሮባታል፣ የእኛም እቃ እሷ እጅ ነው። ሁለቱም የሚያጡት ነገር ሲኖር ይተዛዘናሉ። የእኔ የመሃል ሰውነት ምስጢሩ ይኸው ነበር፤ ሽበቴ አልነበረም።»

ዘለበቱ ደረሰ፤ አዋላጇ እቃው እንደተባለው ነው ብላ አረጋገጠች፤ ገንዘቡም ኮሚሽኑ ብቻ ተቆርጦ ገባ። ከሥሩም አንድ መልእክት ነበር፦ የሥራ ባልደረቦቿ ሻንጣውን አይተው እነሱም ይፈልጋሉ። ልጅቷ አነበበችውና አፏን በእጇ ያዘች። ደስታዋን ሳይ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቀውም።

የድንኳን ነጋዴው የመጣው በዚሁ መሃል ነው። መኪናውን ሊወስድ ገንዘቡን በእጁ ይዟል።

«ገንዘብህን መልሰህ ኪስህ ክተት» አሉት ጋሽ አደራ። «መኪናው አይሸጥም።»

«ምነው ጋሽ አደራ፣ ገበያ የለም ብለውኝ አልነበር?»

ልመክረው አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ። «ገበያማ አለ፤ የሌለው በደጃፋችን ነው። አየህ፣ ሩቅ ያለ ገዢ እኛን አያውቀንም፣ እኛም እሱን አናውቀውም። ድሮ እንዲህ ሲሆን ወይ ንግዱ ይቀራል፣ ወይ አንዱ ይከዳል። አሁን በመካከል የሚይዝ አለ። ገዢው እቃውን ሳያይ ገንዘቡ አይበላበትም፤ ሻጩ ሰጥቶ አይለምንም። ኮሚሽን ይቆርጣል ትለኝ ይሆናል፤ ዘበኛ በነፃ ያድራል እንዴ? ብቻ ደንቡን ሳታነብ አትግባ፣ በትንሽ እቃ ጀምር፣ ከገበያው ወጥተን በጎን እንጨርስ የሚልህን ደግሞ ደጅህን አታሳየው። አንተም ድንኳንህን አውጣበት። መኪና ከፈለግህ ሌላ ግዛ፤ ሥራ ይበዛብሃል።»

ነጋዴው እንዴት እንደሚመዘገብ ልጅቷን መጠየቅ ጀመረ። ጋሽ አደራ ግን ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በስፌት መኪናው ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ ቆዳ በክንዳቸው ገፋ አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በእግራቸውም መርገጫውን ፈለጉት።

«አጎቴ፣ ዓይንዎስ?» አለች ልጅቷ።

«መርፌው ላይ ክሩን አንቺ አስገቢልኝ፤ የቀረውን እጄ ያውቀዋል። ለሴትዮዋ ባልደረቦችም እሺ ብለሽ ጻፊላቸው። ሰፊው ማነው ቢሉሽ ሁለት ነን በያቸው።»