ሰምቻለሁ ማለት አይቻለሁ ማለት አይደለም

ካፒቴኑ የአየር ጠባይ ወረቀታቸውን ይዘው ከአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ደረጃ ሲወርዱ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጁ የበረራ ተቆጣጣሪ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

"ምነው፣ እንቅልፍ ጠላህ?"

"እርስዎ ነዎት ያስጠሉኝ፣ አጎቴ።"

ካፒቴኑ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም።

"ራዳሩ ከተበላሸ አራት ቀኑ ነው። ትናንት በደመና ውስጥ ተነስተው፣ መታጠፊያውን የሚያመለክተው የሬዲዮ ምልክት ጣቢያ ጋ ሳይደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ።"

"ስንት ዓመት እዚያው ስታጠፍ ኖሬ! ደግሞ ተነስቻለሁ ስልህ 'ሰምቻለሁ' ብለኸኛል። አደጋ ቢኖር ዝም ትለኛለህ?"

"ሰምቻለሁ እንጂ አይቻለሁ አላልኩም። ያለ ራዳር እኛ ጆሮ ብቻ ነን። ሲነሱ የሚከተሉት መመሪያ እስከ ጣቢያው ቀጥ ብለው ይውጡ ስለሚል፣ በግራ በኩል ሌላ አውሮፕላን እንዲወርድ ፈቅጄ ነበር።"

ካፒቴኑ የደረጃውን ብረት ያዙ። "ምን ያህል ተራራቅን?"

"አላውቅም። ማንም አያውቅም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።"

ትናንት ከታጠፉ በኋላ አውሮፕላኑ ድንገት ተናውጦ ነበር። ለረዳታቸው "ነፋስ ነው" ብለውታል። አሁን ግን የዚያ ሌላ አውሮፕላን ነፋስ ሊሆን እንደሚችል ገባቸው። ቢሆንም እልሃቸው ቶሎ አልለቀቃቸውም።

"መመሪያውን የጻፈው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በረራውን ስድስት ደቂቃ ያስረዝማል።"

"በዙሪያችን ያለውን ጋራ ለክቶ ነው የጻፈው። ደግሞም ሳላይዎት የት እንዳሉ የማውቀው በእሱ ብቻ ነው። የሚወርደውም አብራሪ እንደዚያው። አንዱ ከመመሪያው ከወጣ ሁላችንም እናውቃለን ያልነው ሁሉ ውሸት ይሆናል።" ቀጥሎም "ስለ ትናንቱ ሪፖርት ጽፌያለሁ" አለ። "ራዳር እንደሌለ ስላላስታወስኩዎት የእኔንም ጥፋት ጨምሬ።"

"የገዛ አጎትህን ከሰስክ?"

"እርስዎን ባጣ ሌላ አጎት የለኝማ።"

ካፒቴኑ ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ አውሮፕላናቸው ሄዱ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አርባ ስድስት መንገደኞች ጭነው ተነሱ። ደመናው መስኮቱን ወተት አለበሰው። የለመደ እጃቸው ወደ ግራ ሳባቸው፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀጥ ብለው በረሩ። ረዳታቸው ከፍታውን ጮክ ብሎ ያነባል። ጣቢያውን ሲያልፉ ያሉበትን ተናገሩና ታጠፉ።

ወዲያው የሌላ አብራሪ ድምፅ በሬዲዮ መጣ፤ የት እንደደረሰና በስንት ከፍታ እንዳለ ተናገረ። ከበታቻቸው ነው፣ ርቋል። ያላዩትን ሰው ቦታ አወቁ፤ እሱም የእሳቸውን ያውቃል። የመመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፦ በማይተያዩ ሰዎች መካከል መተማመን ያኖራል።

"ስድስት ደቂቃ ዘገየን፣ ካፒቴን" አለ ረዳታቸው።

"እንዘግይ" አሉ ካፒቴኑ።