አዴ ጫልቱ ለሹሙ ሲጸልዩ

ሹም ሲንበረከክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ እዚሁ ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ። ምርጫ ሲቃረብ አንድ የከተማችን ሹም እሑድ ጠዋት መጣና «መድረኩን ስጡኝ፣ ልናገር» አለ። ሽማግሌዎቻችን «መድረኩ ለእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ጸሎት ከሆነ ግን እንጸልይልዎታለን» አሉት። ለፎቶም ያምራል ብሎ መሰለኝ፣ ደስ ብሎት ተንበረከከ። የጸሎት እናታችን አዴ ጫልቱ እጃቸውን ጭነውበት፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጄ ለሰፈራችን ውሃ አስገባለሁ፣ መንገድ አሠራለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ቃሉን እስኪፈጽም እንቅልፍ ንሳው!» አሉ። ጉባኤው «አሜን!» ሲል ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እኔማ ከኳየሩ መሃል ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ! አዴ ጫልቱ ግን የሹሙን «አሜን» እስኪሰሙ እጃቸውን አላነሱም። ምን ያድርግ፣ ሰው ሁሉ እያየው «አሜን» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ደርቆ የከረመው ቧንቧችን ውሃ ተፋ፤ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ጄሪካኔን ሞልቼ ስመለስ ሹሙ ዓይኑ ደም መስሎ አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆሟል። «ሀርሜ፣ እናቴ፣ ውሃው መጥቷል። እባክዎ አሁን እንቅልፌን ያስመልሱልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! መንገዱስ? በል ና፣ ተንበርከክ» አሉት።