ውሃ የበዛበት ቦገንቪሊያ

በ1979 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አንድ ማለዳ፣ አቶ ኸሚስ ከአቃቂ ቦኖ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክመው ሲንገዳገዱ ከኋላቸው «ኧረ ጋሽ ኸሚስ! ይስጡኝ እንጂ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። የጎረቤታቸው የባቡር ሠራተኛው የተክሌ ልጅ አስቴር ነበረች። ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቃ ችግኝ ጣቢያ ከተቀጠረች ገና ዓመቷ ነው።

«አላህ ያክብርሽ ልጄ። ይቺ አራተኛዬ ናት» አሉ እያለከለኩ።

«አራት ጀሪካን በጠዋቱ? እንግዳ መጣባችሁ እንዴ?»

«ምን እንግዳ! ለመንሱር አበባ ነው።»

መንሱር አንድ ልጃቸው ነው። አምና ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ ከድሬዳዋ ያመጣትን አጥር ላይ የምትንጠላጠል ቦገንቪሊያ ተክሎ «አደራ፣ ውሃ እንዳትነፍጓት» ብሎ ነበር የተሰናበተው። ከሚያዝያ ወዲህ ደብዳቤው ጠፋ። ጥቅምት ላይ ደግሞ የአበባዋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር። አቶ ኸሚስ ባደጉበት የወሎ መንደር፣ ሰው ሲሄድ የተከለው ተክል የባለቤቱን ነገር ይናገራል ይባላል። ይህን ካሰቡ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራቸውም። አምስቱንም ሶላት ከመስገዳቸው በፊት የሚታጠቡበት የውዱ ውሃ፣ እግር እንዳይረግጠው፣ ከግንዷ ሥር ይፈስ ነበር፤ እሱ አልበቃ ሲላቸው ጀሪካን ጨመሩ። ፍርሃት ሥራ ፈት አይደለም፣ ሽማግሌም ቢሆን ያሸክማል።

አስቴር ጀሪካኑን አጥሩ ሥር አስቀምጣ መሬቱን በእንጨት ቆፈረችው። ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ ሽታውም መጥፎ ነበር።

«ጋሽ ኸሚስ፣ ቢቆጡኝም ልናገር። ይቺን ተክል የሚገድላት ጥም አይደለም፣ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» አሉ ጀሪካኑን እያሳዩ። «ለራሴ ሳልጠጣ የማጠጣት?»

«አዎን። የእኛ የአቃቂ አፈር መረሬ ነው፤ ውሃ ከያዘ አይለቅም። እሷ ደግሞ የቆላ ዘር ናት፣ ደረቅ ትወዳለች። ሥሯ እየበሰበሰ ስለሆነ ቅጠሏን ጣለች። ውሃው ይቁምላት። እዚህ ጋ ቦይ እንቅደድ፤ የደረቀውን ቅርንጫፍም እንቁረጥ።»

«ልቁረጥ?» አቶ ኸሚስ በተክሏና በልጅቷ መሃል ገብተው ቆሙ። «ልጄ የት እንደወደቀ ሳላውቅ አደራውን በቢላ ልቁረጥ? ውሃም ልከልክለው? ተይ አስቴር፣ አንቺ የተማርሽው ስለ እንጨት ነው።»

«‹ልከልክላት› ሳይሆን ‹ልከልክለው› አሉ» አለች አስቴር በቀስታ። «ስለ መንሱር እየነገሩኝ ነው፣ ስለ አበባዋ አይደለም።»

ሽማግሌው ከተክሏ ፊት ፈቀቅ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሞሚና በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ልጅ ሳለሁ ቧንቧ ከፍቼ ስተው ምን ይሉኝ ነበር?» አለች አስቴር።

«ወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ብትሆኚ ውሃ አታባክኚ፣ እል ነበር» አሉ ሳይወዱ በግድ።

«ታዲያ የውዱው ውሃ ለጓሮው ጎመንና ዱባ ይሁን፤ እዚያም እግር አይረግጠውም። ማርም ሲበዛ ይመራል ጋሽ ኸሚስ።» ከዚያ የግንዱን ልጥ በጥፍሯ ፋቅ አደረገች። ከሥሩ አረንጓዴ ታየ። «አልሞተችም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለመንሱር ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉለት መቼ ነው?»

«ከሚያዝያው ደብዳቤ በኋላ... አልጻፍኩም።»

«ለዚያ ደብዳቤ መልስ እንኳ?»

«አልሰጠሁም!» አሉ ድንገት ጮኸው። «መጀመሪያ ማን ይጽፍልኛል እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ የእሱ ዝምታ ረዘመና ፈራሁ። ጽፌ መልስ ካጣሁስ? ካልጻፍኩ ግን መልስ አጣሁ አልልም። አበባዋን እያየሁ እኖራለሁ።»

ወይዘሮ ሞሚና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይህን ከባላቸው አፍ የሰሙት ገና ያን ዕለት ነው።

«ተክል ደብዳቤ አይጽፍም፣ ጋሼ» አለች አስቴር። «የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? እየፈሩ ከመቀመጥ መጠየቅ ይሻላል። የጦር ክፍሉ ቁጥር ካለዎት ዛሬውኑ እጽፍልዎታለሁ።»

አቶ ኸሚስ ከኮታቸው ኪስ የሚያዝያውን ደብዳቤ አወጡ፤ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። መልሱ ተጽፎ ሲያልቅ ቢላውን ራሳቸው አመጡ፤ ለመቁረጥ ግን ስላልጨከኑ የቆረጠችው አስቴር ናት።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። አቶ ኸሚስ ማታ ማታ እየወጡ ያን ራቁቱን የቀረ እንጨት በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ውሃ ሊያፈሱ ቀድተው፣ በወይዘሮ ሞሚና ቁጣ ተመለሱ። ጥር ገባ፤ ተክሏ አንዲት ቅጠል እንኳ አልነበራትም።

የመንሱር መልስ በሠፈሩ ፋብሪካ ፖስታ ሣጥን በኩል የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አስቴር ቆማ አነበበችው።

«ይድረስ ለአባባ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እውነት አልመሰለኝም። ስምንት ወር ዝም ሲሉኝ፣ ሞተው እማማ መርዶዎን የደበቀችኝ መስሎኝ ነበር። ጽፌ እንዳልጠይቅ ደግሞ የሚመጣውን መልስ ፈራሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ለነፍስዎ ዱዓ አድርጌያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ...»

ሰላምታው ብዙ ነበር። ስለ አበባዋ ግን አንድ ቃል አልነበረበትም።

የኋላውን ላስቀድምና፣ በመጋቢት ቦገንቪሊያዋ የአጥሩ ቆርቆሮ እስኪጠፋ ድረስ ቀይ ሆነች። ጎመኑና ዱባውም በውዱው ውሃ ፋፍተው ለሌላ ቤት ተረፉ። አቶ ኸሚስ ቅርንጫፍ ለሚለምናቸው ሁሉ «መሬቱ ሲደርቅ ብቻ አጠጣ» ይሉ ነበር። ከመንሱርም ጋር በየወሩ ይጻጻፉ ጀመር፤ ወሬ ሲዘገይ ተክል ማየት ትተው ወደ ፖስታ ቤት መሄድ ለመዱ። ዕውቀት ፍርሃትን ጨርሶ አያጠፋም፤ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባ ያሳያል።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ከተነበበ በኋላ አቶ ኸሚስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«እኔ እንጨት ሳጠጣ፣ ልጄ በቁሜ ሐዘን ተቀምጦልኛል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «ወረቀት አለሽ?»

አስቴር ከቦርሳዋ አወጣች። «ምን ብዬ ልጀምር ጋሼ?»

«‹አለሁ› በዪው። ሌላውን ቀስ ብለን እንጽፋለን።»