የደበሌ ለቅሶ

ሐጂ ሸረፋ በቡታጅራ የሚታወቁት ጨርቅ በመሸጥ ብቻ አይደለም። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት እሳቸው ካልተቀመጡ አይታረቅም። ለቅሶ ሲሆንማ ቀድሟቸው የሚደርስ የለም፤ በዚህም ይኮራሉ። ያን ሰኞ ጠዋት ግን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዳቸውን ባጃጅ ሲጠብቁ ፊታቸው ጠቁሯል። የልጅ ልጃቸውን ነዒማን ከንባብ ክበብ ሊያስወጡ ቆርጠው ተነስተዋል።

ባጃጅ ሲቆምላቸው ከኋላ የአማርኛ መምህርቷ ሚስጥር ተቀምጣለች። የክበቡ ኃላፊም እሷው ናት።

«ሐጂ፣ እንዴት አደሩ? በሰላም ነው?» አለች ቦታ እየለቀቀችላቸው።

«አልሐምዱሊላህ። የምፈልገው አንቺኑ ነበር። ልጄን በሌለ ሰው አስለቅሰሽ እኔን የገበያ መሳቂያ አደረግሽኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ዕለት ነዒማ ጓዳ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኟትና ምን እንደሆነች ጠየቋት። «ደበሌ ሞተ፤ አንድ ሰው እንኳ ለቅሶ አልደረሰም» አለቻቸው። ቀና እስክትል ሐጂ ወጥተዋል። የጓደኛዋ አባት መስሏቸው፣ ጎረቤታቸውን ዑመይርን አስከትለው ድንኳን ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ አመሹ። ሲመለሱ ነው ደበሌ የመጽሐፍ ሰው መሆኑ የተገለጠው። ዑመይር ደግሞ ወሬ አያሳድርም፤ በማግስቱ ገበያው ሁሉ «ሐጂ፣ የመጽሐፉ ለቅሶ እንዴት ነበር?» ይላቸው ጀመር። እሳቸውም መጽሐፉን ቀሟት፤ ወልቂጤ በሚደረገው የተማሪዎች የንባብ ውይይት ላይ እንዳትገኝም ከለከሉ።

«ተማሪ ፊዚክስ ቢያነብ ይገባኛል» አሉ። «ሒሳቡም ለንግድ ይሆናል። ያልተወለደ ሰው ሞተ ብሎ ማልቀስ ግን ምን ይሉታል? ውሸት እኮ ነው፣ መምህርት።»

«ውሸት የሚሆነው ሰው ለማታለል ሲነገር ነው፣ ሐጂ። ልጆቹ ፈጠራ መሆኑን አውቀው ነው የሚያነቡት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው ሲያስታርቁ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ሁለቱንም እሰማለሁ። የተጠላውን ሰው ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም።»

«ደበሌም የተጠላ ሰው ነው። ቆጥቋጣ፣ ነገረኛ፣ ከማንም የማይስማማ። ሲሞት መንደሩ ሁሉ ከለቅሶው ቀረ። ዓርብ ጠዋት ስንወያይ ተማሪዎቼ ‹የእጁን አገኘ› አሉ። ስልካቸውን ሲነካኩ የሚውሉት ሳይቀሩ እጅ አውጥተው ተሟገቱ። ነዒማ ብቻዋን ቆመችለት።»

ሐጂ ቀና አሉ። «ምን ብላ?»

«‹እንዲህ የሆነው ልጁን ከቀበረ ወዲህ ነው፤ ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀው አለ?› አለቻቸው። ቀጥላም ‹አያቴ እዚያ መንደር ቢኖሩ ኖሮ ይደርሱለት ነበር› አለች።»

ሐጂ ነገሩ አሁን ገባቸው። ልጅቱን ያስለቀሳት ከልጅነቷ ጀምሮ ከእሳቸው ያየችው ነገር በዚያ መንደር መታጣቱ ኖሯል። ልባቸው በኩራት ሞላ፤ በንዴታቸውም አፈሩ።

«ጓደኞቿስ ተረቱላት?»

«አንዳንዶቹ አሁንም አልተቀበሏትም። ግን ብቻውን የሚቀመጥ፣ ተረፈ የሚባል ልጅ አለን፤ ያሾፉበት ነበር። ያን ዕለት ከሚያሾፉበት ሁለቱ አብረውት ወደ ቤት ሄዱ። እናቱ መታመሟን ያኔ ነው የሰሙት።»

የሐጂ ሸረፋ ጥርጣሬ እዚያው ባጃጅ ውስጥ አበቃ። ልብ ወለድ የሚያነብ ወጣት ባልኖረው ኑሮ ውስጥ ይገባል፤ የሰው ችግር በራሱ ሳይደርስ ይሰማዋል፤ ያመነበትንም ሳይጮህ በምክንያት ማስረዳት ይለምዳል። ሐጂ ሸበቶ እስኪሆኑ የተማሩትን ነዒማ ገና አሥረኛ ክፍል ሳለች ጀምራዋለች፤ ይህ ደግሞ ለአንድ አያት ትንሽ ክብር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ነዒማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሐጂ በሱቁ በር ላይ መጽሐፉን ይዘው ጠበቋት።

«ወልቂጤ ትሄጃለሽ» አሏት።

«ሐጂ፣ ደግሞ የማን ለቅሶ ተገኘ?» አለ ዑመይር ከጎረቤት ሱቅ ብቅ ብሎ።

«አንተም ና፣ ቁጭ በል» አሉት። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ነዒማዬ፣ ለደበሌ መቆምሽ ደግ ነው፤ ኮርቼብሻለሁ። ግን ያ መንደርም ይሰማ። ሰውየው ምን ቢበድላቸው ነው ለቅሶውን የቀሩት?»

ነዒማ አሰብ አደረገች። «እሱን ልብ አላልኩትም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው አንብቢልን» አሉ ሐጂ፣ ለዑመይር በርጩማ እየሳቡለት።