ላላ ዘኪያና ሳይፈለግ የተገኘው እባጭ

ላላ ዘኪያ ከቀጠሯቸው ሸሽተው ወደ ማህዲያ የሚመለስ መኪና ሲፈልጉ፣ በቱኒዚያዋ ሱስ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ከጎረቤታቸው ልጅ ከኢናስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ኢናስ የዕጢ ሐኪም ናት። በአገሩ ወግ «ላላ» ተብለው በክብር የሚጠሩት ሴትዮ ደግሞ በማህዲያ ሰርግ ሁሉ የሴቶቹን ዘፈን የሚመሩ፣ ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላም ድምፃቸው ከጣሪያ ጣሪያ የሚሻገር እመቤት ናቸው። ያን ዕለት ግን አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው፣ የምርመራ ፎቷቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ግራ ቀኝ ይገላመጣሉ።

«አክስቴ! ምነው፣ ደህና አይደሉም?»

«ደህናስ ነበርኩ፤ ሐኪሞች አገኙኝ እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደረጃ ወድቀው አንገታቸው ተሰብሮ እንዳይሆን ተብሎ ሲቲ ስካን ተነሡ። አጥንቱ ደህና ሆነ፤ ነገር ግን ከጉሮሯቸው ፊት ባለው የታይሮይድ ዕጢ ላይ ማንም ያልፈለገው እባጭ ታየ። ፈረንሳይ የሚኖረው ልጃቸው ሹክሪ ይህን ሲሰማ ተሸበረ፤ በስልክ ቀዶ ሐኪም አፈላልጎ ዕጢው በሙሉ እንዲወጣ ቀጠሮ አስያዘ። እናት ግን ከክሊኒኩ በር ተመለሱ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! መውደቄ አንሶ እንደ በግ ልታረድ? ድምፄን ወስደው ምን ሊተዉልኝ ነው?» አሉ።

«ቢላውን እምቢ ማለትዎ አያስወቅስም» አለች ኢናስ።

«ተባረኪ! አንድ ሰው አገኘሁ!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እንዲህ በአጋጣሚ ከሚገኝ እባጭ አብዛኛው፣ ከመቶው ዘጠና ያህሉ፣ ካንሰር አይደለም። ጥቂቱ ግን ነው። ያ ፎቶ ደግሞ አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ። ቅንጣት አያመኝም!»

«ካንሰሩም መጀመሪያ አያምም፣ አክስቴ።»

ላላ ዘኪያ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። «እንግዲያ አንቺም ከነሹክሪ ወገን ነሻ!»

«አይደለሁም። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ መጠኑንና ጠርዙን እናያለን። ካላጠራጠረ እንተወዋለን፤ ካጠራጠረ በቀጭን መርፌ ናሙና እንወስዳለን።»

«መርፌ! የተኛን እባጭ ከነካኩት ይነቃል። የጎረቤታችን የሳላህ ሚስት መርፌ ከወጓት በኋላ አይደል የሞተችው?»

«የወጓት ታማ ስለነበር ነው፤ የገደላትም በሽታው ነው። ሰው ጃንጥላ ስለያዘ ነው ዝናብ የሚዘንበው?»

ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። «እምቢ ብልስ?»

«ይበሉ፣ አንገቱ የእርስዎ ነው። ግን ሹክሪ ሳያይ ይቆረጥ አለ፣ እርስዎ ሳያዩ ይቅር አሉ። ሁለታችሁንም የሚያዛችሁ ፍርሃት ነው።»

ይህ ቃል ወጋቸው። ገና ልጃገረድ ሳሉ ወንድሞቻቸው ሰው ፊት አትዘፍኚም ብለው በር ሲቆልፉባቸው በመስኮት ዘለው የሄዱ ሴት ናቸው። አምባገነን ወንድም ያላንበረከከውን ሰው ግን አንድ ያልታወቀ ነገር ከክሊኒክ በር ያስሮጠዋል። አለማወቅ ክፋቱ ይህ ነው፤ ደፋሩንም ፈሪ ያደርገዋል።

«እኔን ነው ፈሪ ያልሽው? ተነሺ፣ ውሰጂኝ!»

አልትራሳውንዱ እባጩ በመጠኑ ተለቅ ያለና ትንሽ የሚያጠራጥር መሆኑን አሳየ። መርፌው ሲገባ የኢናስን እጅ ጨምድደው ያዙ፤ ሲወጣም «ይኸው ነው? ትንኝ ይብሳል!» አሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ግን እህል አልወረደላቸውም። ሰርግ ሊጠሩ የመጡትንም «አላውቅም» ብለው መለሱ።

ኢናስ ቤታቸው ድረስ መጣች። «ናሙናው ካንሰር የለበትም። መርፌም አልፎ አልፎ ሊስት ስለሚችል በዓመቱ ደግመን እናየዋለን። ካደገ ወይም መልኩን ከለወጠ እንመካከራለን።»

«ቢላ ያስፈልጋል ብትዪኝስ?»

«እሱንም እነግርዎታለሁ።»

ላላ ዘኪያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያን ጊዜ ማንም ሳይጎትተኝ በእግሬ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን ማንም አይነካኝም!»

ሹክሪ ደወለ። «እማዬ፣ ብትሳሳቺስ?»

«ብሳሳት በዓመቱ ያዩኛል። አንተ ብትሳሳት ግን የወጣውን ዕጢ ማን ይመልሰዋል? ዕድሜ ልኬን የዕጢውን ሥራ የሚተካ ክኒን ልውጥ? ለሰርግህስ አንተ ልትዘፍን ነው? አንተ እኮ ስታለቅስ እንኳ ዜማ አታውቅም!»

ሹክሪም ሳቀ፤ ቀጠሮውን ሰረዘ።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ ጎረቤታቸው ሙኒራ ዓሣ መጥበሷን ትታ እየሮጠች መጣች።

«ላላ ዘኪያ፣ እኔም አንገቴን ልታይ!»

«ኢናስ ያስተማረችኝን ልጠይቅሽ፤ ስትውጪ ያንቅሻል? አንገትሽ አብጧል? ድምፅሽ ተዘግቷል? ከዘመድሽ በዚህ የታመመ አለ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ምን ጠፍቶብሽ ነው ፍለጋ የምትወጪው? ሳይፈልጉት የተገኘውን አጣርቶ ማወቅ ብልህነት ነው፤ ጤነኛ አንገት መቆፈር ግን መከራን ና ብሎ መጥራት ነው! ሂጂ፣ ዓሣሽ ሳያር ገልብጪው!»