ባለ ሁለት ወንበሯ መኪና
ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጡረተኛ ሹፌር ከጎናቸው ካለችው ወጣት ጋር ያወራሉ።

“አካባቢያችን ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። አንድ ነጋዴ የገዛትን የስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ አሶሳ ላደርስለት ነዳኋት።”

“በዚህ ጠመዝማዛ፣ ጋሼ?”

“በዚሁ። ተራራው አናት ላይ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ የመንደር ሰዎች አገኘሁ። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ እሷን ብቻዋን ጫንኳት።”

“ያን ጊዜማ ሳትበሩ አልቀራችሁም።”

“የት እበራለሁ? መኪናዋ ሆዷ መሬት ይነካል፣ ኩርባው ሁሉ ድንጋይ ነው። እሷም ‘ቀስ በል’ ትለኛለች። ታች ክሊኒኩ ጋ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ በር ላይ ቆመዋል።”

“በእግራቸው ቀድመዋችሁ?”

“በአቋራጭ ወርደው። ባዶውን ቃሬዛ እንደተሸከሙ።”

“እሱ ምን ያደርግላቸዋል?”

“እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‘መኪናህ ብትቆም እንድንሸከማት ብለን ነው፤ በየኩርባው እየጠበቅን ማለፍህን ስናይ ነበር’ አሉኝ።”

“ሴትየዋስ?”

“በሰላም ተገላገለች። እኔ ወንበሩን ሳጥብ ዋልኩ።”

ሚኒባሱ ኩርባው ላይ ሲጠመዘዝ፣ ቁልቁል የምትወርደውን የእግር መንገድ በዓይኔ ፈለግኳት።